በጀርባው የተኛው

ከፓርኩ በር ስወጣ፣ የቀን ፈረቃው አብቅቶ፣
እጄ ገና ይሰፋል፣ ከማሽኑ ጋር ተለያይቶ፤
የአንገትጌ ዙር፣ የኪስ አፍ፣ የእጅጌ ጫፍ ተደርድሮ
ዓይኔን ስጨፍን ያልፋል፣ እንደ ፉርጎ ተሳስሮ።

አቶቴ፣ ከባጃጅ ጋራዡ ኋላ ነው የተከራየሁት፤
ማጠፊያው የላላ ላፕቶፕ፣ በጎማ ላስቲክ ያሰርኩት፣
ስከፍተው ጥቁር ሜዳ፣ ነጠብጣብ የተዘራበት።

ሌዳሞ ነው ያዘዘኝ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥ፦
«ሌሊት መብራት ሄዶ፣ በረዶው በፍሪጅ ውስጥ ሲቀልጥ፣
እኔ ለጥ ብዬ ተኝቼ፤ ሁለት ጆንያ ቆሮሶ
ጧት ስከፍተው ጠበቀኝ፣ ሽታው ሰፈሩን አዳርሶ።
የሚጮህ ነገር ሥሪልኝ፤ ትንሽ፣ ግን የማያንቀላፋ።»
ቀብዱ ሦስት ዓሣ ነበር፣ አንዱ ዓይኑ የጠፋ።

ቺፑን መሀል አኖርኩት፣ ስምንት እግሩን ዘርግቼ፣
ሙቀት ለኪውን ከግራ፣ ጯሂውን ከቀኝ አስጠግቼ።
ቀጫጭን የብርሃን ክሮች ከእግር እግር ተወጠሩ፤
መንገድ አይደሉም ገና፤ «ይድረስ» የሚሉ ምኞት ነበሩ።
ምኞቱን ወደ መዳብ የመመንዘሩ ነው የኔ ተራ፣
ባለ አንድ ገጽ ሰሌዳ ላይ፤ የባለ ሁለቱ ዋጋ ተራራ።

መንገድ መንገድን ከነካ፣ ካቋረጠው፣ አለቀለት፤
ዞሮ ይሂድ፣ በቺፑ ሆድ ሥር ይሹለክ፣ ክፍተት ካለበት።
በመሀላቸው፣ ስፌት ላይ እንደምተወው ጠርዝ፣ ትንሽ ልተው።
ሶፍትዌሩ እንደ ሱፐርቫይዘሯ ነው፤ ቀይ ነጥብ ብቻ ነው የሚያውቀው፦
«ጠባብ ነው።» «ተነካኩ።» «ይህ እግር የትም አልደረሰም።»
እሷስ አንዳንዴ ታዛጋለች፤ እሱ እንቅልፍም አይቀምስም።

አሥራ ሰባት ስህተት። ዘጠኝ። አራት። አንድ —
መብራቱ ሄደ።

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።
በጨለማ ብቻዬን ሳቅሁ። የሌዳሞ በረዶ
ይህን ጊዜ ያልበዋል።

በማግስቱ ከአንድ ጀምሬ ሣልኩት።
ከሁሉ የምወደው መጨረሻውን ነው፤ መሬቱን ማፍሰስ፦
ባዶ የቀረውን ጥግ ሁሉ መዳብ ሲያለብስ።
የዞረው፣ የሮጠው፣ የጮኸው፣ መመለሻው መሬት ነው።
ሶፍትዌሩም የሚለው ይህንኑ ነው፤
እንደ ቀብር ሰባኪ ግን ድምፁን አያለሰልስም።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት፣
በሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት፣
ልጁ አተመና አየው፤ «የየት አገር ካርታ ነው?» አለኝ።
«የዓሣ» አልኩት። አላመነኝም።

በካውያ ተኮስኩት። በባልዲ አሲድ ነከርኩት።
መዳቡ ሟሟ፤ መንገዶቹ ቀሩ፤ አነሣሁት፤ አጠብኩት፤
ቺፑን ሳስጠጋው፣
ግራው ቀኝ ነው። የመጀመሪያው እግር የስምንተኛው ቤት።
ሳልገለብጥ አትሜዋለሁ፤ የመስተዋት ውስጥ ሰሌዳ፤
የሁለት ሳምንት ሌሊት በባልዲ ዳር የከሰረ ዕዳ።

ቁጭ ብዬ ሳየው ቆየሁ።
ከዚያ እጄ አሰበ፣ ከእኔ በፊት።
ፋብሪካ ውስጥ እጅጌ ተገልብጦ ቢመጣ ሸሚዙ ይጣላል እንዴ?
ገልብጠሽ ትሰፊያለሽ፣ ቆጣሪዋ ሳታይ።
ቺፑን በጀርባው አስተኛሁት። ስምንት እግሮቹን
ወደ ኋላ አጠፍኩ፣ እየፈራሁ፣ እንዳይሰበሩ፤
አንድ በአንድ በየድኳቸው። ሆዱ ወደ ጣሪያ ቀረ።
ሦስት ድንጋይ አጎረስኩት። ጮኸ።
የባጃጁ ጠጋኝ ግድግዳውን ደበደበ።

ረቡዕ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መብራት ሄደ፤
ሌዳሞ ባንኖ ተነሣ፣ በረዶ ፍለጋ ወረደ።
አባ ኮዳዎቹ ዳርቻው ላይ ቆመው ነበር ይላል፤
አንዱም አልበረረም።

ጧት ክዳኑን ከፍቶ አየው፣ ፊቱ ተለወጠ፦
«ምነው፣ ሞተ እንዴ? ለምን በጀርባው ተኛ?»
«አልሞተም» አልኩት። «ነቅቶ ነው፤ ጣሪያ እያየ።»

አሁን ሁለተኛውን እየሣልኩ ነው፣ ለጎረቤቱ።
«ገልብጥ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አለ፤
ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። መብራትም አለ፣ ለጊዜው።